ግልጽ ደብዳቤ፦ ቴሌግራም ላይ የተማርነው ለምን አይቆጠርም?

ለከተማችን የትምህርት አመራሮች
ጎንደር

ጉዳዩ፦ መምህራን በማኅበራዊ ሚዲያ የሚያደርጉትን የልምድ ልውውጥ ይመለከታል

የተከበራችሁ አመራሮች፣

በቅድሚያ ሰላምታችንን እናቀርባለን። ይህ ደብዳቤ የአንድ ሰው አይደለም። በፒያሳ፣ በማራኪ፣ በአዘዞና በዙሪያው የምናስተምር መምህራን ተነጋግረን የተስማማንበት ነው። የጽሕፈት ቤቱን ስም ሆን ብለን ትተነዋል። የሚመለከተው ራሱን ያውቃል።

ለመጻፍ ያነሳሳን በዚህ ወሰነ ትምህርት በየትምህርት ቤቱ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈው ሰርኩላር ነው። ብዙ ይላል፤ እኛን የነኩን ሁለቱ ነጥቦች ናቸው። አንደኛው፣ መምህራን በማኅበራዊ ሚዲያ የሚያደርጉት የልምድ ልውውጥ ከተከታታይ ሙያ ማሻሻያ (ተሙማ) ሰዓት እንደማይቆጠር ይገልጻል። ሌላው ደግሞ ማንኛውም መምህር የጽሕፈት ቤቱን የቴሌግራም ግሩፕና የፌስቡክ ገጽ እንዲከታተል፣ ላይክና ሼር እንዲያደርግ ያዛል። ተሳትፎውም በሥራ አፈጻጸም ምዘና ይያዛል ይላል።

እስቲ ሁለቱን ጎን ለጎን አንብቧቸው። እኛ እርስ በርስ ስንማማር ቴሌግራም ጨዋታ ነው። እናንተ መልእክት ስትልኩበት ግን ሥራ ይሆናል።

ማኅበራዊ ሚዲያ ለመምህር ሙያ ይጠቅማል ወይ ተብሎ ከተጠየቅን መልሳችን አጭር ነው። መምህር ጠይቆ መምህር የሚመልስበት ከሆነ ይጠቅማል። አንዱ ብቻ ተናግሮ ሌላው አውራ ጣት የሚለጥፍበት ከሆነ አይጠቅምም። ሰርኩላሩ የመጀመሪያውን ዋጋ አሳጣ፣ ሁለተኛውን ግዴታ አደረገ። ቅሬታችን ይህ ነው። ዝርዝሩ ይከተላል።

ከፊዚክስ እንጀምር። አንድ የአዘዞ ባልደረባችን የፈሳሽ ግፊትን የሚያስተምርበት ቪዲዮ ግሩፓችን ላይ ለቀቀ። ቤተ ሙከራ የለውም። ባዶ ሃይላንድ ግን የትም አለ። በሃይላንዱ ጎን ከላይ፣ ከመሃልና ከታች ሦስት ቀዳዳ በሳ፤ ውሃ ሞላው፤ ትልቅ ትሪ ላይ አቆመው። “ከታች ግፊቱ ስለሚበዛ የታችኛው ውሃ ከሁሉም ርቆ ይሄዳል” ሲል ይሰማል። ቪዲዮው ላይ ግን ርቆ የሄደው የመሃሉ ነው። እሱ አላስተዋለም። ያየነውም አብዛኞቻችን አላስተዋልንም፤ አድናቆት እየጻፍን አለፍን።

አንዲት የማራኪ መምህርት ግን “ወንድሜ፣ ቪዲዮህን መልሰህ እየው እስቲ” ብላ ጻፈች። ግሩፑ ተቀጣጠለ። አንዱ ቀዳዳው እኩል አልተበሳም አለ። ሌላው መጽሐፉ ላይ ያለውን ሥዕል ፎቶ አንስቶ ለጠፈ፤ ሥዕሉ ላይ የታችኛው ነው ርቆ የሚሄደው። እሷ ስሌቱን በወረቀት ሠርታ ላከች። የታችኛው ውሃ በፍጥነት መውጣቱ እውነት ነው። ነገር ግን ትሪው ቅርቡ ስለሆነ ሩቅ ሳይሄድ ይወድቃል። ሃይላንዱ በቆመበት ወለል ላይ ከለካን ከሁሉም የሚርቀው ከውሃው ከፍታ እኩሌታ ላይ ያለው ቀዳዳ ነው። ከመሃል ወደላይና ወደታች እኩል የራቁ ሁለት ቀዳዳዎች ደግሞ ውሃቸው አንድ ቦታ ላይ ያርፋል። የመጽሐፉን ሥዕል ለማየት ከፈለግን ሃይላንዱን ቢያንስ የውሃውን ከፍታ ያህል ከፍ አድርገን አንድ ጠርዝ ላይ ማቆም አለብን። ያኔ ታች ወለሉ ላይ ሲለካ የታችኛው ያሸንፋል። ብዙ መጽሐፍ ላይ ያለው ሥዕል ይህን ልዩነት አያሳይም።

በሚቀጥለው ሳምንት ብዙዎቻችን ሙከራውን በሁለቱም መንገድ ክፍል ውስጥ ሠራነው። ተማሪዎቹ ተከራከሩ። መጽሐፉ ተሳስቷል ያለ ልጅ ነበር፤ የተሳሳተው ሃይላንዱ ነው ያለም ነበር። እንዲህ ዓይነት የፊዚክስ ክፍለ ጊዜ በየቀኑ አይገኝም። የአዘዞው ባልደረባችን ቪዲዮውን አውርዶ አስተካክሎ መልሶ ለቀቀው። ማንም አላፈረም፤ ማንም አልተናደደም።

ይህ በእናንተ መመዘኛ ስንት ሰዓት ነው? ዜሮ።

አሁን ስንት ሰዓት እንደተቆጠረለት የምናውቀውን ሌላ ሥራ እንንገራችሁ። በዚያው ሰሞን ለጉድኝት ማዕከል (አጎራባች ትምህርት ቤቶች በጋራ ለሚደራጁበት) የቀረበ አንድ የተግባር ምርምር ነበር። መግቢያ አለው፣ ማጠቃለያ አለው፣ ተጠርዟል፣ ማህተም አርፎበታል። ውስጡ ሲገለጥ ግን የሌላ ክልል ትምህርት ቤት ስም ሳይጠፋ ቀርቷል። ከቴሌግራም የወረደ ፋይል ነው። የተቀየረው ሽፋኑ ብቻ ነው። ሙሉ ሰዓት ተያዘለት። ስለዚህ ከማኅበራዊ ሚዲያ የመጣ አይቆጠርም የሚለው አባባል ራሱ እውነት አይደለም። ተገልብጦ ከተጠረዘ ይቆጠራል።

ያንን መምህር አንወቅስም። ተሙማ በዓመት 60 ሰዓት ይጠይቃል። የሚመዘነው በፋይሉ ውፍረት ነው። ሱፐርቫይዘሩ መጥቶ ፖርትፎሊዮውን ያገላብጣል፤ ክፍል ገብቶ ምን እንደተቀየረ ለማየት ግን ጊዜ የለውም። እንዲህ ሲሆን ሰው ኮፒ ፔስት ያደርጋል። ሀሳቡን ያወጣው ሰው መምህራን ተማምረው እንዲያድጉ አስቦ ነበር። ወረቀቱ ዋጠው።

ደግሞም ተሙማ በትምህርት ቤት ውስጥ የሚያማክር ባልደረባ አለ ብሎ ነው የሚነሳው። የሌለውስ? በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ክወናና እይታ ጥበባት (ሙዚቃ፣ ሥዕልና የመሳሰሉት) ለብዙ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ራስ ምታት ሆኗል። የምናውቃት አንዲት መምህርት ለሒሳብ ነው የሠለጠነችው። ክፍለ ጊዜ ለማሟላት ተብሎ ይህ ትምህርት ተሰጣት። ሥልጠና የለም። በግቢው ውስጥ ሌላ የሚያስተምረውም የለም። ማንን ታማክር?

ግሩፕ ላይ ጠየቀች። ክራር የሚጫወት አንድ መምህር አራቱን ቅኝቶች፣ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን፣ እየመታ በድምፅ መልእክት ላከላት። በየመሃሉ “ይቺን ድምፅ ልብ በያት፣ ልዩነቱ እሷ ላይ ነው” እያለ። ለሥዕሉ ክፍል ሌላዋ “ደብረ ብርሃን ሥላሴ አጠገብሽ ቆሞ ምን መጽሐፍ ትፈልጊያለሽ?” አለቻት። መምህርቷም ልጆቹ የጣሪያውን መላእክት ፊት አይተው ዓይናቸው ወዴት እንደሚያይ ስለው እንዲመጡ አዘዘች። እዚያ መሄድ ላልፈለጉት የፋሲል ግንብን ክብ ማማዎች ሰጠቻቸው። ከልጆቹ የመጣውን ሥዕል አይተነዋል። በአንዱ ላይ መላእክቱ ሁሉ ወደ መምህርቷ ያያሉ።

የተከፈላት ምንድን ነው? ቅኝቶቹን ለማሰማት ስልክ ይዛ ክፍል በመግባቷ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ።

ስልክ በክፍል ውስጥ ችግር መሆኑን እናውቃለን። ከናንተ በላይ ከተማሪ ስልክ ጋር የምንታገለው እኛ ነን። ግን ስልኩን የያዘው ማን ነው፣ ለምን ያዘው የሚለውን መጠየቅ አስቸጋሪ አይመስለንም።

ወደ ግዴታው እንምጣ። የጽሕፈት ቤቱ ግሩፕ የተቆለፈ ነው። የሚጽፈው አድሚኑ ብቻ ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ “እስከ ነገ ጠዋት ሪፖርት ይላክ” የሚል መልእክት ይመጣል። ያላየ ሰው ማግስቱን ይጠየቃል። የስብሰባ ፎቶ ይለጠፋል፤ ሼር ያደረገ ስክሪንሹት ይልካል። በአንድ ወቅት ግሩፑ ለአጭር ጊዜ ተከፍቶ ነበር። አንድ ባልደረባ የመምህሩ መምሪያና የተማሪው መጽሐፍ በአንድ ምዕራፍ ላይ ስለማይገጥሙ የትኛውን እንከተል ብሎ ጠየቀ። ጥሩ ጥያቄ ነበር። መልሱ ከግሩፑ መባረር ሆነ። ግሩፑም ወዲያው ተቆለፈ።

ይህን ስናይ ከመካከላችን በዕድሜ የገፉት ፕላዝማን ያስታውሳሉ። በ1997 ፕላዝማ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ሲገባ ትምህርቱ በሳተላይት ይወርድ ነበር። ተማሪ እጁን ቢያወጣ ቴሌቪዥኑ አያየውም። መምህሩ “ቆይ ይሄ አልገባቸውም” ቢል አያቆምለትም። ጥሩ ጥሩ ሙከራዎች ያሳይ ነበር፤ አንክድም። መጠየቅ ግን አይቻልም ነበር። የተቆለፈ ግሩፕም ከዚህ አይለይም፤ እንዲያውም ፕላዝማው ላይክ አድርጉልኝ አይልም ነበር።

ገንዘቡም አለ። የዳታ ጥቅሉን የምንገዛው ከደመወዛችን ነው። የመምህር ደመወዝ ስንት እንደሆነ ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። ቁልፍ ስልክ የሚይዝ አንጋፋ መምህር አለን። ብዙዎቻችሁን ያስተማረ ሰው ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። በምዘናው “የዲጂታል ተሳትፎ” በሚለው ቦታ ዝቅተኛ ነጥብ ተሰጠው። ክፍል ገብታችሁ አይታችሁት ታውቃላችሁ?

ሌላው የልጆች ፎቶ ነው። ገጹ ላይ ደብተር ሲሰጣቸው፣ ዩኒፎርም ሲለኩ፣ የምገባ ሰልፍ ላይ ሲቆሙ የተነሱ ልጆች ፊታቸው ሳይሸፈን ይለጠፋል። እኛም ሼር እንድናደርግ እንታዘዛለን። የተቸገረ ልጅ ችግሩ የሠፈሩ ሁሉ ስልክ ላይ ገባ ማለት ነው። ሀገሪቱ በ2016 የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321ን አውጥታለች። ሕጉ ባይኖርም እንኳ ነገሩ ነውር ነው።

ፍርሃታችሁ ከየት እንደመጣ ይገባናል። በ2008 የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ሾልኮ በማኅበራዊ ሚዲያ ሲበተን ሀገር ነው የተናወጠው። ዛሬም ቢሆን ፈተና አለን፣ መልስ አለን እያሉ ከተማሪ ገንዘብ የሚሰበስቡ ቻናሎች ሞልተዋል። የደመወዝ ጭማሪ ወሬማ በየሳምንቱ አዲስ ነው። ተማሪ ሲሳሳት ቀርጸው ቲክቶክ ላይ የሚስቁ መምህራንም አሉ፤ እነሱን በተመለከተ እርምጃ ውሰዱ ብንባል ቀድመን የምንፈርመው እኛ ነን። የኛም ግሩፕ ቢሆን ንጹሕ አይደለም። የበዓል መልካም ምኞት ሲበዛ ቁም ነገሩ ይቀበራል። ከወር በፊት የተላከን ጥሩ ፋይል መልሶ ማግኘት ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ነው። በቻትጂፒቲ የተሠራ የትምህርት ዕቅድ ሳይነበብ የሚለጥፍም አለ። ማጣሪያችን ይህ ነው፦ ማታ ያየሁት ነገር ጠዋት ክፍል ይገባል ወይ? ካልገባ ጊዜ አጥፍቻለሁ። እናንተም በዚህ ብትመዝኑን አንከፋም።

ኢንተርኔት የማይታመን ነገር መሆኑንም ማንም አያስተምረንም። የካቲት 2015 ላይ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ ሲገደቡ በቪፒኤን እየተንፏቀቅን ቀጠልን። በ2015 ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ግን ቪፒኤንም ዋጋ አጣ። ለወራት። ያኔ የተረፈው ቀድሞ የወረደው ብቻ ነበር። ፋይሎቻችንን በዜንደር ከስልክ ወደ ስልክ፣ በሚሞሪ ካርድና በፍላሽ ከትምህርት ቤት ወደ ትምህርት ቤት አዞርናቸው። ኮምፒውተር ያለው ትምህርት ቤት ፌት የሚባለውን የሳይንስ ሙከራ ማሳያ ያለ ኢንተርኔት ከፈተው። እሱ በአሜሪካ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የተዘጋጀ ነው፤ አንዴ ከወረደ ኔትወርክ አይፈልግም። የኤሌክትሪክ ሰርኪዩት ማስተማሪያው ለኛ እንደ ቤተ ሙከራ ነበር። ይህን ሁሉ ያደራጀው ማንም ጽሕፈት ቤት አይደለም። አንድ የአይሲቲ መምህርና ባጃጅ ተሳፍሮ ፍላሽ የሚያደርስ ትጉህ ባልደረባው ናቸው።

ከዚያ ወዲህ የጉድኝት ማዕከሎች እንዲህ ያለውን ነገር እንዲያከማቹ በቃል ጠይቀናል። ጆሮ ዳባ ልበስ ተባልን። አሁን በጽሑፍ እንጠይቃለን።

በመጀመሪያ፣ ከሰርኩላሩ ላይ “አይቆጠርም” የሚለው ይነሳ። ስልክ ላይ የዋልንበት ሰዓት ሁሉ ይቆጠር አላልንም። ከ60ው ሰዓት የተወሰነው ለእንዲህ ዓይነቱ ልውውጥ ይፈቀድ። ማስረጃውም ስክሪንሹት አይሁን። መምህሩ ምን ጠየቀ፣ ምን አገኘ፣ ክፍል ውስጥ ምን ቀየረ የሚለውን በአንድ ገጽ ይጻፍ፤ አንድ ባልደረባ ክፍል ገብቶ አይቶ ይፈርም። ከተጠረዘው ፋይል ይልቅ ይህን ማጭበርበር ይከብዳል።

ላይክና ሼር ከሥራ አፈጻጸም ምዘና ይውጣ። ዛሬውኑ። በዚህ ላይ ብዙ ማብራሪያ የሚያስፈልግ አይመስለንም።

ማስታወቂያና ውይይት ይለዩ። ለማስታወቂያ ቻናል ክፈቱ፤ በሥራ ሰዓት ላኩ፤ ያው መልእክት በሰሌዳም ይለጠፍ፣ ስማርት ስልክ የሌለው እንዳይቀጣ። ለውይይት ደግሞ በየትምህርት ዓይነቱ ክፍት ግሩፕ ይኑር። አድሚኖቹን መምህራኑ ይምረጡ። የሥርዓተ ትምህርት ባለሙያዎቻችሁም ገብተው እንደ ማንኛችንም ይመልሱ፣ ቢሳሳቱም ይታረሙ። ጥያቄ ጠይቆ የተባረረው ባልደረባችን ይመለስ፤ የጠየቀው ጥያቄም እስካሁን መልስ አላገኘም።

በየጉድኝት ማዕከሉ አንድ ኮምፒውተርና አንድ ሃርድ ዲስክ ይመደብ። መምህራን ያጣሯቸው ቪዲዮዎች፣ የፈተና ጥያቄዎችና የሙከራ መመሪያዎች በትምህርት ዓይነትና በክፍል ተለይተው ይቀመጡበት። ኔትወርክ ቢጠፋ መምህር በፍላሽ ይወስዳል። ዋይፋይ ማስገባት ከተቻለ እሰየው፤ ካልተቻለ በሃርድ ዲስኩ እንጀምር። የማደራጀቱን ሥራ በነፃ ለመሥራት ፈቃደኛ የሆኑ መምህራን ዝርዝር ተዘጋጅቷል። ጎንደር የመምህራን ትምህርት ኮሌጅም፣ ዩኒቨርሲቲም ያለባት ከተማ ናት። ይዘቱን የሚያጣራ ሙያተኛ አይጠፋም።

የተማሪ ፊት የሚያሳዩ ፎቶዎች ከገጹ ይውረዱ። ወደፊትም ያለ ወላጅ ፈቃድ አይለጠፉ። እኛም ሼር እንድናደርግ አንታዘዝ።

ለክወናና እይታ ጥበባት መምህርቷ የተጻፈው ማስጠንቀቂያ ከማኅደሯ ይነሳ። የአንጋፋው መምህር ነጥብም እንደገና ይታይ። ሁለቱም አቤቱታቸውን በትምህርት ቤታቸው በኩል አስገብተዋል፤ ደብዳቤዎቹ ጠረጴዛችሁ ላይ ናቸው።

መልሳችሁን ሁለተኛው ወሰነ ትምህርት ከመጀመሩ በፊት እንጠብቃለን። በቴሌግራምም ቢሆን ችግር የለም፤ ግሩፑን ከፍታችሁ ላኩት፣ ጥያቄ ይኖረናልና።

ከሰላምታ ጋር

በጎንደር ከተማ የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መምህርና የትምህርት ክፍል ተጠሪ
ስለ ፈራሚ መምህራን

ግልባጭ፦
ለመምህራን ማኅበር
ለወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረቶች
ለየጉድኝት ማዕከሉ ሱፐርቫይዘሮች